የኋላ መስታወት የሚለወጥበት ጊዜ

ዕርፍ ጨብጦ ወደ ኋላው የሚመለከት ገበሬ ትልሙ እንደሚጣመምበት፣ የሎጥም ሚስት ወደ ኋላዋ ዞራ በመመልከቷ ምን እንደ ደረሰባት መጽሐፍ የተማረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን በዚህ ዘመን ወደ ኋላው ባለመመልከቱ የሚነቀፍ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም የአውቶሞቢል ነጂ ነው። ነጂ ፊቱን ወደ ፊት አቅንቶ እየሄደ ከኋላው የሚመጣውን ደግሞ በመስታወት እንዲያይ ግዴታ ያለበት ስለ ሆነ፣ የፊቱ መስታወት እንደሚያስፈልገው ሁሉ የኋላውም ያስፈልገዋል። ይሁን እንጂ የፊቱ መስታወት ሲሰነጠቅ ባለቤቱ ፈጥኖ ይደነግጣል፤ የኋላው ሲሰበር ግን «ለጊዜው ይቆይ» ማለት የብዙ ሰው ልማድ ሆኗል። ይህ «ለጊዜው» የሚባለው ቃል ምን ያህል ሊረዝም እንደሚገባው መመርመር ጥቅሙ ለባለ መኪናው ብቻ ሳይሆን በመንገድ ለሚያልፈው ሕዝብ ሁሉ ነው።

ለዚህ ነገር የሐዋሳን ከተማ ምሳሌ ማድረግ ይቻላል። ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. በሐይቅ ዳር በሜዳ ላይ ተቈርቍራ ያደገች፣ በኅዳር ወር 2012 ዓ.ም. ከተደረገው ሕዝበ ውሳኔ በኋላም የሲዳማ ክልል መዲና የሆነች ከተማ ናት። ምድሯ ደልዳላ ስለ ሆነ በጐዳናዋ ላይ ብስክሌት የሚነዳው፣ በባጃጅ የሚመላለሰውና በእግሩ የሚሄደው ብዙ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ወደ ሥራ የሚሄዱበትና የሚመለሱበት ሰዓት አለ፤ ተማሪዎችም ከትምህርት ቤት የሚወጡበት ሰዓት አለ። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የቅዱስ ገብርኤልን በዓል ለማክበር ከቅርብም ከሩቅም የሚመጣው ምእመን መንገዱን ይሞላዋል። በእንዲህ ያለ ስፍራ መኪናውን ወደ ኋላ የሚመልስ ነጂ ከኋላው ማን እንደ ቆመ ሳያይ ቢንቀሳቀስ፣ የሚገፋው ግንብ ወይም እንጨት ሳይሆን ሕፃን ሊሆን ይችላል።

የኋላ መስታወቱ ተሰብሮ በላስቲክና በፕላስተር የተሸፈነ መኪና በከተማ ውስጥ ሲሄድ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ባለቤቱን ቢጠይቁት ሊለውጠው አስቦ ገንዘብ እስኪገኝ፣ ዕቃው እስኪመጣ ወይም ክረምቱ እስኪያልፍ እንደሚጠብቅ ይናገራል። በሌላ ወገን ደግሞ ጥቂት ጭረት ባየ ጊዜ መስታወቱ ሁሉ ካልተለወጠ የሚል ሰው አለ፤ ይልቁንም የሚከፈለው ገንዘብ ከራሱ ኪስ ያልሆነ እንደ ሆነ እንዲህ ያለው ሰው አይታጣም። ሁለቱም ከልክ ያለፉ ናቸው። የመጀመሪያው የሰውን ሕይወት፣ ሁለተኛው የመንግሥትን ወይም የማኅበርን ገንዘብ ያባክናል። ስለዚህ የትኛው ጉዳት ጊዜ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ደግሞ እንደማይሰጥ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህንንም ለማወቅ አስቀድሞ የመስታወቱን ጠባይ መረዳት ይገባል።

ጋራዦች ፓራብሬዛ የሚሉት የፊቱ መስታወትና የኋላው መስታወት በዓይን ሲታዩ አንድ ቢመስሉም አሠራራቸው የተለያየ ነው። የፊቱ መስታወት ሁለት ገበታ ሆኖ በመካከሉ ስስ የፕላስቲክ ገለፈት የተጣበቀበት ነው። የዚህ አሠራር መነሻ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1903 ዓ.ም. ኤድዋር ቤኔዲክቱስ የተባለው ፈረንሳዊ በሥራ ቤቱ ያየው ነገር ነው። አንድ የመስታወት ጠርሙስ ከመደርደሪያ ወድቆ ቢሰነጠቅም ሳይበተን ቀረ፤ ምክንያቱን ሲመረምር በውስጡ የነበረው ፈሳሽ ደርቆ እንደ ቆዳ ያለ ሽፋን በመተው ስባሪውን አያይዞ እንደ ያዘው ተገነዘበ፤ በ1909 ዓ.ም.ም ለዚሁ ሥራ የፈጠራ መብት ተቀበለ። የፊቱ መስታወት በድንጋይ ሲመታ ተሰንጥቆ የማይረግፈው ስለዚህ ነው። ጉዳቱም ትንሽ የሆነ እንደ ሆነ ባለሙያ ሙጫ መሰል ነገር ሞልቶ ሊጠግነው ይችላል።

የኋላው መስታወት ግን በአብዛኞቹ መኪናዎች አንድ ገበታ ብቻ ሆኖ በእሳት የተፈተነ ነው። በፋብሪካ ውስጥ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እስኪሞቅ ድረስ ይግልና ወዲያው በኃይለኛ ነፋስ ይቀዘቅዛል። ላዩ ፈጥኖ ሲጠነክር ውስጡ ዘግይቶ ስለሚቀዘቅዝ፣ ላዩ ወደ ውስጥ ተጨምቆ፣ ውስጡ ደግሞ ተወጥሮ ይቀራል። አንጥረኛ የጋለውን ብረት ውኃ ውስጥ ነክሮ እንደሚያጠነክረው ያለ ነው። እንዲህ የተፈተነ መስታወት ከተራው መስታወት ብዙ እጥፍ ይጠነክራል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ውጥረቱ የተነካ እንደ ሆነ በአንድ ቅጽበት ሁለንተናው ፈርሶ እንደ ጨው ድንጋይ ያለ ደቃቅ ስባሪ ይሆናል። ይህም በጥበብ የተደረገ ነው፤ እንደ ሰይፍ የሾለ ስባሪ ሰውን እንዳይወጋ ታስቦ ነው።

ከዚህ አሠራር አንድ ትልቅ ፍርድ ይወጣል፤ ይኸውም የኋላ መስታወት አይጠገንም ማለት ነው። በፊቱ መስታወት ላይ የሚያገለግለው ሙጫ በዚህ ላይ አያገለግልም፤ አንድ ጊዜ ከተሰበረ የሚለወጥ እንጂ የሚጠገን አይደለም። አንዳንድ አዳዲስ መኪናዎች የኋላቸውም መስታወት ባለ ሁለት ገበታ ሊሆን ስለሚችል፣ በመስታወቱ ማዕዘን ላይ የታተመውን ምልክት ለባለሙያ ማሳየት ይበጃል። የቀረው ግን ጉዳት ሁሉ ስብራት አለመሆኑን ማስተዋል ነው።

ሊቆዩ የሚችሉት ጉዳቶች እነዚህ ናቸው። ጥፍር ሲሄድበት የማይይዘው፣ የነጂውንም ዕይታ የማይጋርድ ቀላል ጭረት መስታወቱን አያስለውጥም። በመስታወቱ ላይ እንደ ክር ተሰምረው ጉም የሚያስለቅቁት የማሞቂያ መስመሮች አንዳቸው ቢበጠስ፣ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ቀለም ሊቀጠል ስለሚችል ለእርሱ ሲባል መስታወቱን ሁሉ መጣል ብክነት ነው። የተለጠፈው ጥቁር ፕላስቲክ አብጦ ወይም ተላጦ ዕይታ ቢከለክል የሚነሣው ፕላስቲኩ ነው እንጂ መስታወቱ አይደለም። በዳርና በዳር ዝናብ የሚያስገባ የሆነ እንደ ሆነም ጥፋቱ የጐማው ወይም የማጣበቂያው ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ እርሱን ማስመርመር ይገባል።

የማይቆዩት ደግሞ እነዚህ ናቸው። በመስታወቱ ላይ፣ ይልቁንም በጠርዙ አጠገብ፣ ጥልቅ ፍንካች የታየ እንደ ሆነ መስታወቱ ቆሞ ቢታይም መታመን የለበትም። የኋላው በር በኃይል ሲዘጋ፣ መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ፣ ወይም በፀሐይ የጋለው ገበታ ድንገት በቀዝቃዛ ውኃ ሲታጠብ ሊፈርስ ይችላልና፣ ባለቤቱ በራሱ ፈቃድ ቀን መርጦ ቢለውጠው በመንገድ መካከል ከሚፈርስበት ይሻለዋል። ከቦታው ተነቃንቆ የሚንቀጠቀጥ መስታወትም በሰው ላይ ሊወድቅ ስለሚችል ሳይታሰር ሊሄድ አይገባውም። ነጂው በውስጥ ስፖኪዮ ሲመለከት ከኋላው የሚመጣውን መኪና፣ ብስክሌትና ሰው ለይቶ እንዳያይ የሚከለክለው ማናቸውም ጉዳት ሁሉ ከዚሁ ይቈጠራል። ፈጽሞ የረገፈው ግን ምክር የሚያስፈልገው አይደለም፤ ወደ ጋራዥ ከመሄድ በቀር ሌላ ጕዞ የለውም።

«በላስቲክ ሸፍኜ እሄዳለሁ» የሚል ሰው ሦስት ክፉ ነገር ያገኘዋል። የመጀመሪያው ማየት አለመቻሉ ነው፤ ላስቲክ ብርሃን ቢያስገባም መልክ አያሳይም፤ ማታም የኋለኛው መኪና መብራት ሲያርፍበት እንደ ጉም ያበራና ዓይንን ያጥበረብራል። በጎን ያሉት ስፖኪዮዎች ቢረዱም ከመኪናው ጀርባ ተጠግቶ የቆመውን ሕፃን አያሳዩም። ሁለተኛው ዝናብና አቧራ መግባቱ፣ በወንበርም ሥር የቀረው ስባሪ የተሳፋሪውን እጅ መቍረጡ፣ ዕቃም ለሌባ የተመቸ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ሲሆን ብዙ ሰው የማያስበው ነው። መኪና በሚሮጥበት ጊዜ አየሩ በጎንና በላይ ካለፈ በኋላ ከመኪናው ጀርባ አየር የሳሳበት ስፍራ ይፈጠራል፤ ከማርሚታ የሚወጣውም ጢስ በዚያ እየተሽከረከረ ይቆያል። የኋላው ክፍት የሆነ እንደ ሆነ ይህ ጢስ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ይልቁንም ኋላቸው ቍርጥ በሆነ እንደ ቪትዝ ባሉ ትንንሽ መኪናዎችና በሚኒባሶች ይህ ይብሳል። በጢሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዝ አለ፤ እርሱም ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። በመጀመሪያ ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፣ ያንቀላፋል፤ ከበዛም ይገድላል። ነጂው የድካም እንቅልፍ መስሎት የመርዝ እንቅልፍ ሊሆን ይችላል። በኤሌክትሪክ የሚሄዱት መኪናዎች ይህ ጢስ የለባቸውም፤ ነገር ግን የማየቱ ነገር ለእነርሱም ያው ነው።

በዚህ ላይ የሚቀርበው ክርክር የዋጋ ክርክር ነው፤ እርሱም ሐሰት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከፍ ያለ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሬ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫ ሁሉ ተወዷል። ስለዚህ ያሉት መኪናዎች እያረጁም ቢሆን ማገልገላቸውን ይቀጥላሉ፤ ለአንዳንዱም መኪና ልኩ የሆነ መስታወት በሐዋሳ ስለማይገኝ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ካለችው ከአዲስ አበባ ማስመጣት ያስፈልጋል። ደመወዙ ትንሽ የሆነ ሰው በዚህ ቢጨነቅ አይፈረድበትም።

የሆነ ሆኖ የዋጋው መወደድ የአደጋውን ዋጋ አያረክሰውም። መስታወቱን አልገዛም ብሎ ሰው የገጨ ነጂ የሚከፍለው ካሳና የሚደርስበት የኅሊና ጸጸት ከመስታወቱ ዋጋ ጋር የሚመዛዘን አይደለም፤ የቈጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። አዲስ መግዛት ላልቻለ ሰው በመርካቶ ሶማሌ ተራ በሚባለው ሰፈር ከሌላ መኪና የተፈታ መስታወት ይሸጣል። ይህንም የሚገዛ ሰው ጠርዙን በእጁ ዳስሶ ፍንካች አለመኖሩን፣ ማዕዘኑ ላይም ምልክቱ መታተሙን አይቶ ሊቀበል ይገባል። በተራ የቤት መስኮት መስታወት አስቆርጦ ማስገጠም ግን ፈጽሞ ሊታሰብ የማይገባው ነው፤ ሲሰበር እንደ ጩቤ ስለሚሾል በተሳፋሪው አንገት ላይ ሰይፍ እንደ መስቀል ነው። ዕቃው እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ከሆነም የሚጠብቀው መኪናው ቆሞ ነው።

ከዚህም በቀር «ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ የሚዘናጋ ሰው አለ። በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 799 መሠረት ማናቸውም ባለ መኪና እንዲገባ የተገደደበት መድን በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚሆን ነው እንጂ የራስን መስታወት የሚያስለውጥ አይደለም። ለራስ ንብረት የሚሆነው መድን ሌላ ውል ነው፤ በዚያም ውስጥ መስታወት ይገባ እንደ ሆነ፣ ባለቤቱም ከራሱ የሚከፍለው ምን ያህል እንደ ሆነ ውሉን አስቀድሞ ማንበብ ይጠቅማል። እንዲሁም በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 681 የታዘዘውን የቴክኒክ ምርመራ አልፎ ቦሎ የለጠፈ ሁሉ ለዓመቱ የተፈቀደለት አይምሰለው። ምርመራው መኪናው በዚያ ቀን እንዴት እንደ ነበረ ይመሰክራል፤ በማግሥቱ ለተሰበረው መስታወት ምስክር ሊሆን አይችልም።

ይህ ነገር ይልቁንም የመሥሪያ ቤት ሹማምንትን ይመለከታል። የግል መኪና መስታወት ቢሰበር የሚወስነው አንድ ሰው ነው፤ የመሥሪያ ቤት መኪና መስታወት ሲሰበር ግን ነጂው ለስምሪት ክፍል ያመለክታል፤ ስምሪቱ ለንብረት ክፍል ይጽፋል፤ ንብረት ክፍሉ የዋጋ ማቅረቢያ ይጠይቃል፤ ወረቀቱም ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር ሳምንታት ያልፋሉ። ለመንግሥት ገንዘብ መጠንቀቅ የተገባ ነው፤ የግዥ ሥርዓትም ሊፈርስ አይገባውም። ነገር ግን ወረቀቱ በሚዞርበት ጊዜ መኪናው አብሮ መዞር የለበትም። ሥርዓቱ ቀስ ብሎ የሚሄድ ከሆነ መኪናው ይቁም፤ መኪናው ሊቆም የማይችል አስፈላጊ ከሆነ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ጥቃቅን ጥገና አስቀድሞ የተመደበ ገንዘብ ይኑር። ነጂውም መኪናው ለመንገድ ብቁ እንዳልሆነ በጽሑፍ ሲያመለክት እንደ አመፀኛ ሊቈጠር አይገባውም። በላስቲክ ተሸፍኖ ይሂድ ብሎ ያዘዘ ሹም፣ ጥፋት ቢደርስ መሪ የያዘው እርሱ አይደለምና ነፃ ነኝ ሊል አይችልም። እንደዚሁም መኪና ያላቸው አድባራትና የሰንበት ትምህርት ቤቶች ምእመናንን ለንግሥ ሲያመላልሱ ይህን ሊያስቡ ይገባል።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ይህን ፍርድ አዲስ ነገር ነው አይሉትም። በኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሰው እንዳይወድቅበት በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዟል። በኦሪት ዘፀአትም ጕድጓድ ቈፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው ለሚገባበት እንስሳ ዋጋውን እንዲከፍል ተፈርዷል። በሁለቱም ላይ ባለቤቱ ሰውን ወይም እንስሳን በእጁ አልገፋም፤ በደሉ መከታውን አለማበጀቱ፣ ክዳኑንም መተዉ ነው። በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ሲገባ ሕጉ ከተጻፈ ብዙ ሺህ ዓመት አልፎት ነበር፤ ነገር ግን ፍርዱ ለአውቶሞቢልም ያው ነው። የተሰበረ መስታወት ይዞ በሕዝብ መካከል የሚሄድ ሰው ጕድጓዱን ሳይከድን እንደ ተወ ሰው ነው።

መስታወቱ የተሰበረበት ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚገባውም ማወቅ ይጠቅማል። መኪናውን ከመንገድ ዳር ካቆመ በኋላ ስባሪውን በባዶ እጅ ሳይሆን በጓንት ወይም በወፍራም ጨርቅ ይሰብስብ፤ ሕፃናትን ከኋላው ወንበር ያውርድ። ወደ ጋራዥ ለመድረስ ጥቂት መንገድ የሚሄድ ከሆነ የፊቱን መስኮቶች ከፍቶ፣ ወደ ኋላ ሲመልስም ከውጭ ቆሞ የሚያሳየው ሰው አቁሞ፣ በዝግታ ይንዳ። አዲሱ መስታወት በማጣበቂያ የሚገጠም ከሆነ እስኪደርቅ መታገሥ ያስፈልጋል፤ እንደ ማጣበቂያው ዓይነት ጥቂት ሰዓት ወይም አንድ ሙሉ ቀን ሊፈጅ ስለሚችል ባለሙያው የሰጠውን ሰዓት ማክበር፣ በዚያም ጊዜ በሮቹን በኃይል አለመዝጋት ይገባል። ከተገጠመም በኋላ ውኃ አፍስሶ አለማስገባቱን ማየት፣ የማሞቂያው መስመርና በመስታወቱ አጠገብ ያለው የፍሬን መብራት መሥራታቸውን መፈተን የሥራው ፍጻሜ ነው።

እንግዲህ መስታወቱ የሚለወጥበትን ቀን የሚወስነው የኪስ መሙላት ወይም የክረምት ማለፍ አይደለም፤ የሚወስነው ነጂው ኋላውን ማየቱ፣ በውስጥ የተቀመጠው ንጹሕ አየር መተንፈሱ፣ በውጭ የሚያልፈውም ሰው በደኅና መሄዱ ነው። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ ቀኑ ዛሬ ነው፤ ሦስቱም የተሟሉ እንደ ሆነ ግን ጭረት አይቶ ገንዘብ ማባከን አያስፈልግም። የትራፊክ ፖሊስም በላስቲክ የተሸፈነውን መኪና ባየ ጊዜ እንደ ትንሽ ነገር ቈጥሮ አይለፈው። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት በጊዜው ለተደረገ ትንሽ ጥንቃቄ ነው። በሐዋሳም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ከተማ ይህን ጥንቃቄ የሚያደርግ ባለ መኪና፣ ይህንም የሚያዝ ሹም ማንም ላያመሰግነው ይችላል፤ ያልደረሰ አደጋ አይታይምና። ነገር ግን ማታ ወደ ቤቱ በደኅና የገባው ልጅ ምስጋናው ነው።